ሦስት ሌሊት በግማሽ ዋጋ

ጦይባ ደወለች፣ ቅዳሜ ማታ ነው፣
ኮምቦልቻ ጨልማ ኩራዝ ያበራነው።
"አባዬ ለጥቅምት ቀስ ብላችሁ ተነሡ፣
እንግዶቹ ሁሉ ወዳገር ሲመለሱ
ለሠራተኛ ዘመድ ይሰጣሉ ክፍል፤
ሦስት ሌሊት በግማሽ፣ ቁርሱ ሳይከፈል።"

"ሳይፕረስ" ትላለች፤ እኔ አላወቅኋትም፣
ካርታ ላይ ብፈልግ ከስንዴ አትበልጥም።
ጎረቤቴ መምሬ አድማሱ ባጥር ብቅ ብለው
"ቆጵሮስ ናት እኮ" አሉኝ፣ "የበርናባስ አገር ነው፤
መጽሐፍ ላይ አለች፤ ሂድና ሳምልኝ።"
አንድ ጠርሙስ የወይራ ዘይትም አዘዙኝ።

የጡረታ ደረሰኝ ጀርባው ላይ ጻፍን፤
"ፓስፖርት፣ ፎቶ፣ ቪዛ፣ ካልሲ" ብለን ጀመርን።
ለፎቶ ደሴ ወጣን፣ ሐረጎን ተጠምዝዘን፣
ሎሚ እያሸተትን፣ ፌስታል አዘጋጅተን።
ፎቶ አንሺው ቆጣ አለ፣ "እንዳትስቁ" ብሎ፤
ዘሀራ ይህን ሰምታ ሳቋ መጣ ቶሎ።
ሦስት ጊዜ ተነሣች፣ ሦስቱንም ስቃ፤
ባራተኛው ገና ኮስተር አለች በቃ።

"ሻንጣው ሃያ ሦስት ኪሎ ነው" ተባለ፤
የሷ ዕቅድ ግን ከዚያ የላቀ አለ፦
በሶ፣ በርበሬ፣ ቅቤ በጣሳ፣
የማሽላ ቆሎ፣ እሱስ አይረሳ።
ለእኔ የተረፈኝ የግማሽ ኪሎ ቦታ፤
አንድ ሽርጥ፣ መፋቂያ፣ የመድኃኒት ፖስታ።

"እዚያስ ምን እንሠራለን?" አለችኝ አንድ ማታ።
"ባሕሩ ዳር ቁጭ ነዋ።"
"ከዚያስ?"
"ከዚያማ ምንም።"
"ምንም ላለመሥራት ባሕር ልንሻገር?
ምንም እኮ ሞልቷል፣ እዚሁ ቦርከና ዳር!"
"ዕረፍት ይሉታል" አልኋት።
"በእኛ ሰፈር 'አረፉ' ከተባለ
ዕድር ተነገረ፣ ድንኳን ተተከለ።
ልጄ የጠራችኝን በዚህ ስም አትጥራ፤
ሌላ ቃል ፈልግለት፣ ለቅሶ የማያስጠራ።"

ሌላ ቃል አጣሁለት።

እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ጨርቃ ጨርቅ ቆሜ
አንሶላ ሠርቻለሁ፣ በፈረቃ ደክሜ።
ጥቅሉ በካሚዮን ሐረጎን ሲዘልቅ
አየዋለሁ እንጂ፣ ማን ይተኛበት አላውቅ።
እና ልቤ ከጅሏል (ለሷም አልነገርኳት)
የሰው አገር አንሶላ በጣቴ ላገላብጥ፣
ድሩን፣ ማጉን፣ ጠርዙን፤ ከኛው ቢበላለጥ።

ሐሙስ ዕለት ዘሀራ ስልኩን ተቀብላኝ
እንደ ዋዛ ጠየቀች፦
"ክፍሉንስ የሚጠርግ፣ አልጋ የሚያነጥፍ
ሰው አለ ወይ እዚያ?"
ሳቀች ጦይባ። "አለ። እኔ ነኝ፣ እማዬ።
ሦስተኛው ፎቅ የእኔ ነው፤ በቀን ዐሥራ ስምንት ክፍል።
የናንተን መጨረሻ ነው የምሠራው፣ ቀስ ብዬ።"

ስልኩ ተዘጋ።
ዘሀራ ደረሰኙን ከኪሴ ስባ፣
የኔን ጽሑፍ ሁሉ አንድ ጊዜ አንብባ፣
በመሠረተ ትምህርት በለመደችው ፊደል
አንዱን እየጫነች፣ አንዱን ስትነጥል
ከታች ጻፈችበት፦
"አልጋው ላይ ጦይባ ትተኛ። ሦስቱንም ሌሊት።
እኔ አነጥፋለሁ። ይማም ይጥረግበት።
ቁርሱን እሷ ትብላ።
ባሕር ዳር እሷ ትቀመጥ።
ያንን 'ምንም' የተባለውን እሷ ትሥራው።"

ቪዛው ገና ነው። "ጠብቁ" ብለውናል።

ጁምዓ ንጋት ላይ ከውዱእ ስመለስ
ዘሀራ አልጋችን ላይ ተደፍታ፣
አራቱን ማዕዘን ትወጥራለች፣ ታጠብቃለች፣
ልጅቱ በስልክ እንዳስረዳቻት።
የኔው ፋብሪካ አንሶላ ነው፤ መሐሉ ሳስቷል።
"ሳንቲም ሲጣልበት መንጠር አለበት አሉ፤
እስቲ ጣል።"
ከኪሴ ስሙኒ ፈልጌ ጣልኩ።
እዚያው ወድቃ ቀረች።
"ጥቅምት ሩቅ ነው" አለችና
ከእግርጌው ጀምራ
እንደገና ፈታችው።