የግራ እጅ

የፍሪሲዮኑን መጨበጫ ሳብኩት፤ ባዶ። ምንም።
ትናንት ደህና ነበር፣ ከትናንት ወዲያም።
ምልክት አልሰጠኝ፣ አልጮኸ፣ አልሞቀ፣
አዘዞ መታጠፊያ ጸጥ ብሎ አለቀ።

ሁለት ልጆች ገፉልኝ እስከ አዛናው ደጃፍ፣
የክትባት ሳጥኑ ከኋላዬ ሲያንጠፈጥፍ፤
ለደምቢያ ከብቶች የያዝኩት መድኃኒት
በረዶው እያለቀ፣ አራት ሆኖ ሰዓት።

አዛናው ተንበርክኮ ፖምፓውን አሸተተ፣
በጨርቅ ጠረገና ጣቱን ተመለከተ።
«ጎሚኒው አልቋል፤ ይሄ እዚህ አይገኝም፤
አዲስ አበባ ቢደወል ‹ይመጣል› ይላሉ፤ አይመጣም።
ዘይት አኩራፊ ነው፣ እቱ፣
ውስጥ ውስጡን ይሄዳል፤ የሚነግርሽ ሲያልቅ ነው ጉልበቱ።
ሽቦ ግን ይለፈልፋል፤
አንዲት ክር ስትበጠስ ይከብዳል፣ ይንቋቋል፤
ጆሮ ያለው ይሰማል።»

አባቴ ትዝ አለኝ። ቅዳሜ በስልኩ
«ደህና ነኝ» ብሎኝ ነው፤ እሑድ ለቅሶ ሄድኩ።
ይህን ለአዛናው አልነገርኩትም።
እሱም እጁ ሥራ ላይ ነው፤ አልጠየቀኝም።

ቱቦውን ፈታ፣ የታችኛውን ፖምፓ አወጣ፣
የተረፈው ዘይት አፈሩን አጠጣ።
ከባሌስትራ ቁራጭ ክንድ ቆርጦ ሞረደ፣
ከባጃጅ ያወለቀውን ካቦ ከታንከሩ ሥር አስኬደ።
«እንዳይታጠፍ» አለ፣ «የታጠፈ ሽቦ ጉልበትሽን መንገድ ላይ ይበላል፤
ሰፊ ዙር ስጪው፤ ለሰፊ ዙር ይታዘዛል።»

የክንዱን ርዝመት ሦስት ጊዜ ለካ።
አንዴ አስረዘመልኝና ያዝኩት፤ ለካ
ለእጅ የሚቀለው ፍሪሲዮኑን አይከፍትም፣
ፍሪሲዮን የሚከፍተው ለእጅ አይቀልም።
በግማሽ ጣት፣ በግማሽ ጣት ሲቀንስ፣
ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፣ በረዶዬ ሲፈስስ።

እርሳስ አቅልጦ ለሽቦው ራስ ሠራ፣
ግራሶ ቀባው። «ያዢው» አለኝ፣ «በግራ።»

ያዝኩት።
ከባድ ነው። እንደ ተቆጣ ሰው እጅ መልሶ ይጨብጣል፤
ግን አለ። ከጣቴ እስከ ሞተሩ ሆድ የሚሄድ ነገር አለ፤ ይታወቃል፤
የት እንደሚነክስ፣ የት እንደሚለቅ፤
ሦስት ዓመት ነድቻት ይህን ሳላውቅ።

ሂሳቡን በጠመኔ ታንከሩ ላይ ጻፈው፣
ከሥሩ «ሁለት ወር»፤ ሽቦው የሚታይበት ጊዜ ነው።
አልተከራከርኩም።

ወደ ጎንደር ሽቅብ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣
ከፊቴ አይሱዙ፣ ከኋላዬ ባጃጅ፣ ሲመሽ፣
ክንዴ እስከ ትከሻዬ ዛለ።
ማታ ብርጭቆ ሳነሳ እጄ ተንቀጠቀጠ፣
ትንሽ ውኃ ጠረጴዛው ላይ ፈሰሰ።

ጠመኔውን እስካሁን ዝናብ አልነካውም።
ጠዋት ጠዋት፣ ሞተሩን ሳላስነሳ፣
መጨበጫውን አንዴ እስብና እሰማለሁ።
ምንም አላለም ገና።
እኔም ደህና ነው አልልም፤
እንደገና እስባለሁ።