ቤት የማይመታ ሒሳብ

ቅዳሜ ከሰዓት ድልድዩን ተሻግረን፣
ደላላው ቢሻው ነው በባጃጅ ያዞረን።
ጥርብ ድንጋይ ለብሷል መንገዱ ከጫፍ ጫፍ፣
ጠርሙስ ተሰክቷል በየአጥሩ አፋፍ።
ቢሻው በር ከፈተ፤ ቧንቧ አዞረና
«ስሙት!» አለን በእጁ ጆሮውን ያዘና።
ውሃው ወረደ፤ እውነትም ወረደ፤
በየዝና ፊት ላይ አንድ ደመና ሄደ።
አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት
ጀሪካን ደርድራ የጠበቀችው ሴት፣
እጇን ከቧንቧው ሥር ዘርግታ ቆማ ቀረች እንጂ
አንድ ቃል አልወጣት።

መኝታ ቤት ሦስት፤ አንዱ ለናሆም ለብቻው፤
በመስኮቱ አባይ፣ ማንጎ ከነጥላው፤
«ጉማሬም ይታያል» አለ ሳቀና ቢሻው፣
«ለእሱ አናስከፍልም።»
«ስንት ነው?» አልኩት፣ ድምፄን አለስልሼ፣
የተኛውን ዋጋ ላልቀሰቅስ ሸሽቼ።
ነገረን።
እዚህ ላይ ግጥሜ ቤት አይመታም።

ማታ ከራት በኋላ የናሆምን ደብተር
ገልብጠን ከጀርባው ጀመርን መደመር።
የእኔ ደመወዝ ላይ የእሷን ብንቀጥለው፣
የአዴት ጤፍ ገና በር ላይ ጎረሰው።
ዘይቱና ዕቁቡ ተሻምተው ሲያበቁ
ሁለት እጆች ቀሩ እየተሳቀቁ።
የዝና ግን እርሳሷን አልጣለችም፦
«ስኳር ለእንግዳ ይሁን፣ ሥጋም ለዓመት በዓል፤
ባጃጁን ብንተው፣ እግርስ ምን ይሠራል?»
«የትኛው እንግዳ? ማዶ ማን ይመጣል?
አጥሩን አላየሽም?» አልኳት።
ዝም አለች። ገጹን ለሁለት ከፈለችው።

እዚህኛው ቤታችን ውበት የለውም፤ አልዋሽም።
ግድግዳው ስስ ነው፤ የአያ ደሴ ሳል
በእኛ ደረት አልፎ ሌላ ቤት ያድራል።
ሽንት ቤቱ ለአሥራ አንድ፣ ቁልፉ ግን አንድ ነው፤
የማለዳው ሰልፍ ስም የሚያሳጣ ነው።
ክረምቱ ሲገባ ጭቃው ጫማ ወስዶ
ሲመልስ መስቀል ነው፣ እሱም ከሆነ ወዶ።
ይህን ሁሉ ጻፍነው፣ ከወጪው በኩል።

ከዚያ ሐምሌ ትዝ አለኝ፤
ናሆም በትኩሳት የቃዠበት ሌሊት።
ማንንም አልጠራን። ግድግዳው ስስ ነዋ!
እትዬ ሽታዬ ነጠላቸውን ሳያጣፉ ገቡ፤
የአያ ደሴ ልጅ በዚያ ዝናብ ባጃጁን አስነሣ፤
በማግስቱ «ሒሳብ?» ብለው ተቆጣኝ፣
ሦስት ቀን ሰላም ነሣኝ።
ታዲያ ይሄ በየትኛው ረድፍ ይግባ? በስንት ብር?
የዝና ‹ስስ ግድግዳ› ከሚለው ቃል ላይ
ቀስት ስባ ወደ ገቢ ወሰደችው።
ወዲያው አያ ደሴ ሳሉ፤
ቀስቱን መልሳ አመጣችው።
ሳቅን። ሳቁም ተሻግሮ ተሰማ መሰለኝ፣
እዚያ ማዶ ደግሞ ሰው ሳቀ።

ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ።
«እሺ፣ ሽታዬን ጻፍክ፣ ባጃጁንም ጻፍክ፤
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓትን የት ላይ አስቀመጥክ?
የአሥራ አንድ ዓመት እንቅልፍ፣ የእኔ እንቅልፍ፣ ስንት ነው?
ወይስ ደመወዝ የለውም ብለህ ነው የተውከው?»

አባቴ ቅኔ ቤት ዲማ ነበር ያደጉ፤
ቃል ከቃል ሲገጥም፣ ፊደል ሲፈልጉ፣
«ቤት መታልኝ» ብለው በደስታ ያድሩ ነበር።
የእሳቸው ልጅ ደግሞ እርሳስ እያላመጠ
ገቢን ከወጪ ጋር ቤት ሊያስመታ ተቀመጠ፤
ደጋግሜ ሞከርኩ፤
ቃሉ ሰም ብቻ ነው፣ ወርቁ ከባንክ ነው።
ለእሷ ጥያቄማ መልስም አልነበረኝ።

ቢሻው እስከ ሰኞ ብቻ ነው የሰጠን።
ደብተሩን ዘጋነው፤ መብራትም ሄደብን።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን
የጓሮው ቧንቧ ጉሮሮውን ጠራረገ።
የዝና ልትነሣ ክንዷን ስትመዝ
ብርድ ልብሱን መልሼ ትከሻዋ ላይ ጣልኩት።
«ተኚ።»
ጀሪካኖቹን በጨለማ እየዳበስኩ ወጣሁ፤
ስድስት ናቸው፤ እስከ ዛሬ አራት ይመስሉኝ ነበር።