ከማን ቀዳሽ?

ልምምዱ አበቃ፣ ሙቀቱ ግን ቀረ፤
ዚኖቪ ቪዮላውን በፎጣ ጠቅልሎ ወደ እኛ ዞረ።
ቤርሳቤህ፣ ምድር ቤት፣ መጠለያ ውስጥ ነን እኛ፤
አራት ወንበር፣ አንድ ማራገቢያ፣ እሱም ሰነፍ ሠራተኛ።

ማሱዳ ፍሉቷን እያደረቀች በጨርቅ፣
«በሉ እንናገር» አለች፣ «ሳንዋሽ፣ ሳንደብቅ፤
ይህ አገር የጉድጓድ ነው፤ ከማን ነው የቀዳነው?»

ዚኖቪ ሳቀ፦ «እኔማ ከሙታን ነው፤
ከሁለት ጀርመኖች፣ ከአንድ ሰካራም መምህር፣
ጣቴን በቀስት ዘንግ መትቶ፣ ራሱ ሲያለቅስ ከሚያድር።»

ኤልዳድ፣ «እኔ ከማንም» አለ፣ ቼሎውን አቅፎ፤
ያውም ከዚኖቪ ሁለት ሐረግ ዜማ ዘርፎ።

ተራው የኔ ሆነ። ዝም አልኩ። መልሱን ያውቁታል፤
የዝግጅቱ መጽሔት አስቀድሞ ጽፎታል፦
«የቄሱ አያቷ ዜማ በደሟ ውስጥ ይፈስሳል።»
አያቴ ቄስ አልነበረም፤ ማረሻ ቀጥቃጭ ነው፣
ሲያዜም በቅሎ እንኳ ገመድ በጥሳ የምትሸሸው።

እኔ የቀዳሁት፣ አልኳቸው፣ ከደረጃ ነው።
እናቴ የሙዚቃ ትምህርት ቤቱን ደረጃ በሌሊት ስታጥብ፣
ዘጠኝ ዓመቴ፤ ተቀምጬ ሦስተኛው ላይ፣ ቀሚሴ እርጥብ፤
ፒያኖ ቃኚው አርካዲ አንዲት ቁልፍ ይመታል፣
አርባ ጊዜ። ጅማት ያጠብቃል፣ ያዳምጣል፣ ይመታል።
ሁለት ጅማት ሲጣሉ ሰማሁ፤
በመካከላቸው የሚርገበገብ አንድ ነገር አየሁ፣
እንደ ውሃ፣ እንደ ትኩሳት።
ከዚያ ታረቁ፤ ጠፋ። «አማረ?» አለኝ። «አልፈኸዋል» አልኩት፣
«ቅድም ይሻል ነበር።»
ሳቀና ሚስማሩን አላላ፤
አንዷን ቁልፍ እንደተጣላች ትቷት ወጣ፣ ከኛ ኋላ።
በማግስቱ የመምህሯ ጩኸት እስከ ገበያ ተሰማ።

አብርሃም እዚሁ ጉድጓዱ «የማን ነው?» ሲባል፣
ሰባት በግ ለይቶ አቁሟል፣ ምሏል።
እኔ ሰባት የለኝም፤ አምስት ነው ይዤ የመጣሁት፣
ስድስተኛዋን፣ በቁልፍና በቁልፍ መሐል የጠፋችውን፣
ስፈልግ ነው ያመሸሁት።

ዚኖቪ መነጽሩን አወለቀ። ብዙ ዝም አለ።
«ያቺ ሁለተኛው ገጽ ላይ... ምልክት ያደረግሽባት?» አለ፤
«ስህተት መስሎኝ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ አርሜሻለሁ።»
«ሰምቻለሁ» አልኩት፣ «ሰምቻለሁ።»

ፎጣውን ገለጠ።
ቪዮላው አገጩ ሥር ገባ፤ ማሱዳ ማራገቢያውን አጠፋች፤
በሙቀቱ ውስጥ አንዲት ነገር ጮኸች።
በግ መሰለችኝ።
አልምልም።