ታድግበታለህ

ሸሚዜ እስከ ጉልበቴ፣ እጅጌው ሁለቴ ታጥፎ፣
ጫማዬ ጥጥ ጎርሶ፣ ሱሪዬ በገመድ ታቅፎ፣
እንዲህ ነው ያደግሁት፣ ኮምቦልቻ፣ ጨርቃ ጨርቅ ሰፈር።
አባቴ ልብስ ሲገዛ ለዛሬው ልጅ አልነበር፤
ለሚመጣው ነበር እንጂ።
መቼ እንደሚመጣ እንጃ።

ሰባተኛ ክፍልን ሳልፍ የኮርስ ሳይክል መጣልኝ፣
ሸራ ለብሶ ከአሰብ፣ ሾፌር ወዳጁ ጭኖልኝ፤
ሰማያዊ፣ ጎማው ቀጭን፣ መሪው እንደ ሙክት ቀንድ፣
ኮርቻው ደረቴ ላይ፣ ቁመቱ የትልቅ ወንድ።
ፍሬሙ አምሳ ስምንት። ቁጥሩን ማን ልብ አለ?
አባቴ አናቴን ዳብሶ «ታድግበታለህ» አለ።

አላደግሁበትም።

ሃያ ሰባት ዓመት ነዳሁት ተንጠራርቼ፣
ከላይኛው መደርደሪያ ቁልፍ እንደሚፈልግ፣ እጄን ዘርግቼ።
ሐርቡ ስደርስ ትንሿ ጣት የኔ አትመስለኝም፣
ማጅራቴ ይቆለፋል፤ ዞሬ ማየት አይሆንልኝም፤
የአስፋልቱን እብጠት ሁሉ ወገቤ ፈርሞ ይረከባል፣
ስቆም በአንድ እግሬ ጣት ነው፣ ዘንጉ ብሽሽቴን ያገኛል።
(ከዚህ በላይ አልናገርም።)

አንዱ ኮርቻውን ዝቅ አድርግ አለ፤ ጉልበቴ አቃተተ።
አንዱ መሪውን አስጠጋ አለ፤ ሳይክሉ ሰክሮ ዋለለ።
ስፖንጅ አለበስኩት፤ ሕመሙ ስፖንጁ ላይ ተደላደለ።
«ሳይክል እንዲህ ነው» ብዬ ተውኩት፣
«ምቾት ያማረው ባጃጅ ይሳፈር።»

ባለፈው ጥቅምት ካቴናው ተበጠሰ።
ገፍቼ ቦርከና ድልድይ አጠገብ፣ አያ ሙሔ ጋ ወሰድኩት።
ካቴናውን አላየም። እኔን አየኝ፣
በግ እንደሚገዛ ሰው፣ ከእግር ወደ ላይ።
«የማን ነው?»
«የኔ።»
«ኧረ ተው! የማን ነው?»

ከጎረቤቱ ከጦይባ ሜትር ተዋሰ፣
የቀሚስ ወገብ የምትለካበትን፤
ጫማዬን አስወልቆ ከግድግዳው አስደገፈኝና
የዱቤ መዝገቡን በእግሮቼ መሃል ሽቅብ ገፋ
(የሰፈሩ ዕዳ በሙሉ ብሽሽቴ ሥር!)
በእርሳስ ጭሮ «ሰባ ስምንት» አለ።
በስድሳ ሰባት አባዛው፣ ለመቶ አካፈለው፣
ግራሶ በነካ ጣቱ ካርቶን ላይ ጻፈ፦ አምሳ ሁለት።

«ቁመት ብቻ እንዳይመስልህ» አለ፣
«እግሩ ረጅም፣ ደረቱ አጭር የሆነ ሞልቷል።
ኮርቻ ከፍ ዝቅ ይላል፤
ፍሬም ግን አጥንት ነው፣ በብሎን አይታረቅም።
ክርንህ ትንሽ እጥፍ ካላለ
መንገዱ የሚያልቀው ትከሻህ ውስጥ ነው።»

ዞሬ ጭረቱን አየሁት፣ ግድግዳው ላይ።
ዕድሜዬን ሙሉ በዓይን ተለክቻለሁ፣ በግምት፣ በተስፋ፤
በሜትር ስለካ መጀመሪያዬ ነው፤ አርባ ዓመቴ።
ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ዓይኔ ሞላ።
«አብሽር» አለ አያ ሙሔ፣ ለካቴናው መስሎት።

የሚሆነኝ ከደሴ ተገኘ፣ ቀይ፣ ቀለሙ የተላጠ፣
ከደመወዜ እኩሌታው ወጣበት።
በማለዳ ወደ ሐረጎ ቀናሁ።
እጆቼ መሪው ላይ አልተንጠለጠሉም፤ ተቀመጡ።
አንገቴ ቀና አለ፤ ለካ ከመንገዱ ማዶ ገደሉ አፋፍ ላይ
ባሕር ዛፎች ነበሩ፣ ያን ሁሉ ዓመት።
ዳገቱ ያው ዳገት ነው፣ ፍሬም አይቀንሰውም፤
ግን የደከመኝ እግሬ ነበር፣
መድከም ያለበት እግሬ ብቻ።

ስመለስ አባቴ ጋ ገባሁ።
ሰማንያ ሁለት ሞልቶታል፤ ኮቱ ሰፍቶታል፣
ጣቶቹ ከእጅጌው አይወጡም።
ቀዩን ዞሮ ዞሮ አየውና «አልጠበበችህም?» አለኝ።
«ልኬ ናት» አልኩት።
እጅጌውን ሁለቴ አጠፍኩለት። ዝም ብሎ ታጠፈለት።
ከዚያ ወደ ጣራው አንጋጠጠ፣ ሰማያዊው ወደተሰቀለበት፣
«ያንን እንዳትሸጠው» አለ፣
«ማን ያውቃል።»