አልጋ ቁጥር ዘጠኝ

በጎቢ ጫፍ፣ በትምህርት ቤቱ ማደሪያ አጥር፣
ብርድ ልብስ ተሰቅሏል በውርጭ ምድር፤
እንደ ሳንቃ ገግሮ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣
የማን እንደሆነ ሁሉ አውቋል ቀድሞ።

"ስንፍና ነው" አለች ሞግዚቷ ኦዩንጌሬል፣
"ማታ ሻይ ከለከልኩት፤ ከዚህ ወዲያ ምን ልበል?"
ጠጣም አልጠጣም ሌሊቱ ያው ነው፤
አልጋው እዚህ ሆኖ ልጁ ሩቅ ነው።

ሩቅ።
የኤንክቱር እንቅልፍ ጉድጓድ ነው፣ ጨለማ፤
ፊኛው ሞልቶ ቢጣራ፣ ከታች ማን ሊሰማ?

በወር አንዴ የምትመጣው ሐኪም፣ ኖሚን፣
ሆዱን ዳሰሰች፤ አላለችም "ለምን?"
"መጨረሻ የተጸዳዳኸው መቼ ነው?"
"ሐሙስ።"
ማክሰኞ ነበር። ጣቷ ድንጋይ አገኘ።
"ይሄ ነው ፊኛውን የሚገፋው።
ደግሞ ሌሊት ሽንትን የሚቀንስ ሆርሞን አለ፤
መንገደኛ ነው፣ አንዳንዱ ገላ ዘንድ አምሽቶ ይገባል።
ልጅ አይገሠጽበትም።
ከዘመድ እንዲህ የነበረ አለ?"
"ማንም" አለ ኤንክቱር፣ ወለሉን እያየ።

ቅዳሜ አባቱ ደረሰ በሞተር፣
ጢሙ በረዶ፣ ኪሱ የሞግዚቷ ደብዳቤ ነበር።
ብርድ ልብሱን አየ። ጓንቱን አወለቀ።
"የእኔ አልጋ በዚያ መስኮት ሥር ነበር፤
እስከ አሥራ ሁለት ዓመቴ።
ለእናትህም አልነገርኩ።
ግመሎቹን ላወርስህ ነበር ሐሳቤ፤
ይህ ቀደመኝ።"

ያን ሌሊትም ረጠበ።
ጠዋት ተያይዘው ወጡ፣ አንዱ ከዚህ፣ አንዱ ከዚያ ጫፍ፣
ጠመዘዙት፤ ውኃው በረዶው ላይ እንፋሎት ሆነ።
ለካስ ብርድ ልብስ፣ ብቻውን ለሚጨምቅ፣
አይደርቅም።