ቤቱ ሲሄድ

ማክሰኞ፥ በዝናብ፥ ከካስትሮ መጡ፤
ጀልባው ሲጠጋ አየሁ፥ ቀድመው አልወጡ።
ኤሊሴዮ ቆሞ፥ እጁን ኪሱ ከቶ፤
የሚስቱ ካፖርት ሆዷ ላይ ተከፍቶ።
ሐኪሙ በወረቀት ሥዕል ስሎላቸው
«እዚህ ጋ አከርካሪው አልገጠመም» አላቸው።
ጀልባ ሠሪ ነውና፥ ኤሊሴዮ ወዲያው
ገባው፦ ስፌቱ ነው፥ ሳይዘጋ የቀረው።
«ላይራመድ ይችላል» የምትለዋ ቃል ግን
እንደ ገባ ውሃ ደፈነች ጆሮውን።

እኔ አቤሊኖ ነኝ፤ የጸሎት ቤት ቁልፍ
ሠላሳ ዓመት ይዤ፥ በቺሎዌ ጫፍ።
ለሞተ፥ ለታመመ፥ ማዕበል ለበላው፥
ለሁሉም፥ ለሁሉም አፌ የሚለው አለው።
ያንኑ ይዤ ሄድኩ።
ሠላሳ አንድ የጭቃ ደረጃ ወጥቼ፥
ትንፋሼን ሰብስቤ፥ ባርኔጣ አንሥቼ፥
«እግዜር» አልኳት፥ «ልጄ፥ ሸክም የሚሰጠው
ትከሻውን አይቶ፥ ለመረጠው ሰው ነው።»

ድንች ትልጥ ነበር። ቢላዋዋን አቆመች።
«ሸክም አትበለው» አለች።
«ታዴዎ ነው ስሙ። ትናንት ማታ አወጣሁለት።
ደግሞም ትከሻ ካለህ፥ አንተ ና ያዝለት።»
በሩን አላላተመችም፤ ቀስ ብላ ዘጋችው።
ይህኛው ባሰብኝ።

ጸሎት ቤቱን ጠረግሁ፥ የተጠረገውን ቤት፤
«ምን ልበላት?» አልኩት ለቅዱሱ እንጨት።
መልስ የለም። ክዳኑን ዝናብ ያንኳኳል፤
ከደረጃው ወዲህ ግራ ጉልበቴ ይጠዘጥዘኛል።
ጉልበቴን እያሸሁ ተገለጠ ነገሩ፦
እኔን ያስቃተተኝ ዳገት፥
ለባለ ጎማ ወንበር በየት ሊሆን በሩ?

እሑድ ስብከት ቀረ። «ማነው በሬ ያለው?
ገመድስ? ግንድስ? ሰኞ ሥራ የማይገባው?
ቤት ልናወርድ ነው።»
እኛ ዘንድ ቤት ይሄዳል፤ የአባቶች ደቦ ነው፤
ከምሰሶው ፈትተው፥ ግንድ ላይ አስቀምጠው
በበሬ ይስቡታል፤ ለጠየቀ ሰው
እምቢ የሚል የለም።

ኔልዳ ግን በሬ የላት፥ ገመድም የላት፤
ያለቻት ኒዬቬስ ናት፥ ሃያ ስምንት ዓመቷ፥ ቃል ያልወጣት፥
ደወል ደዋያችን ናት።
ኔልዳ ሄዳ ተቀመጠች ከሮሳልባ ጋራ፤
ዝም ብለው ድንች ላጡ ተራ በተራ።
ከዚያ ተናገረች፦ የሆስፒታሉን ሌሊት፥
ባሏ ጥሏት የሄደበትን፥ ራሷን የረገመችበትን ዕለት፤
ደግሞም ኒዬቬስ፥ ጭጋግ ሲወርድ፥ ማንም ሳያዛት፥
ስንት ጀልባ በደወል እንዳገባች፥ አንዱም ሳይጠፋባት።
ይህን የሰማሁት ኋላ ነው። ያኔ እኔ ግንድ እልግ ነበር።

አሥራ ስድስት በሬ፤ ገመዱ ተወጥሮ
ቤቱ ተነሣ፥ እንደ ሽማግሌ አቃስቶ፥ ተማርሮ።
አንድ መስታወት ረገፈ፤ ጭስ መውጫው ጎበጠ፤
ድመቷ አልወጣም ብላ፥ በመስኮት ፊቷ ተገለጠ።
ሮሳልባ በጎኑ፥ አንድ እጇ ግድግዳው ላይ፥
አንድ እጇ ሆዷ ላይ፥ ዳገቱን ዞራ ሳታይ።
ኤሊሴዮ ይጮኻል፦ «ቀኝ! ቀኝ! ቀስ በሉ!»
ከዚያ ማክሰኞ ወዲህ ድምፁ ያን ዕለት ነው የወጣው በሙሉ።
ማታ ደረስን፥ ክሊኒኩ ጎን፥ አስፋልቱ ዳር፤
ደረጃ የለም፤ ዘንበል ያለ ጣውላ ነው፥ ከበሩ እስከ ምድር።

ገና አልተወለደም። ጀርባው አልገጠመም፤
ተአምር አላየሁም፥ አይቻለሁ አልልም።
ሲወለድ ትልቁ ከተማ ይወስዱታል ለቀዶ ጥገና፤
ሮሳልባ ትፈራለች፤ ሌሊት ትነቃለች ገና።
ቤቱም ዘንበል ብሏል፤ ድንች ከጠረጴዛው ይንከባለላል፤
ኤሊሴዮ «አስተካክላለሁ» ይላል።

ትናንት ጠራችኝ፦ «አሁን ጸልይ፤ አጭር ይሁን ግን።»
ባርኔጣዬን አወለቅሁ፤ ብፈልግ ቃሉን
ሠላሳ ዓመት ያጠራቀምኩት ሁሉ ጠፋኝ።
«ጌታ ሆይ፥ መጥተናል» አልኩ።
«አሜን» አለ ኤሊሴዮ፥
ድንቿን ከወለሉ እያነሣ።