ወንበር ቁጥር ሃያ ሰባት

ከዚራ አንድ ቤት አለ፣ ከሐዲዱ ጋር መጥቶ፣
ሐዲዱ ዝም ሲል ጊዜ እዚያው የቀረ፣ መሄድ ረስቶ።
አንዴ ሲኒማ ነበር፣ አንዴ የስንዴ መጋዘን፤
አሁን «ቅዳሜ ማታ ሙዚቃ» ይላል፣ ለጥፈውበት አየን።

በሩ ላይ አብዶሽ ቆሟል፣ ትኬት ለሁለት የሚቀድ፣
ግማሹን ለሰው ሰጥቶ፣ ግማሹን ኪሱ የሚሰድ።
«ሃያ ሰባት» አለኝ፣ «አራተኛው ረድፍ፣ ከዓምዱ ጀርባ፤
ዘፋኟን አታይ ይሆናል፣ ድምጿ ግን ዞሮ ነው ሚገባ።»

ሙቀቱ የድሬ ነው፤ ፀሐይ ገብታም የማይገባ።

ጣራው ላይ አራት ማራገቢያ፤ ሦስቱ ለጌጥ የተሰቀሉ፣
አንዷ ብቻ ትዞራለች፤ «እሷስ እስከ መቼ?» ይላሉ።

ወንበሬ ጋ ስደርስ ግን ሌላ ሰው ሞልቶበታል፤
የከፊራዋ ፋጡሜ ናት፣ ሽቶዋ ቀድሞ ይመጣል።
«ሃያ ሰባት የኔ ነው» አልኩ፣ ቁራጭ ትኬቴን ይዤ፤
የሷንም አሳየችኝ፦ ሃያ ሰባት! ቆምኩ ፈዝዤ።
አብዶሽን ማን ይጠይቃል?
ትኬት መቅደድ የለመደ እጅ ወንበርም ለሁለት ይቀድዳል።
«አቦ!» አለች፣ «ዋርያ፣ ምን ትገተራለህ? ቁጭ በል!
ወንበሩን እንካፈል፣ ሙዚቃው እንደሆን አይከፈል!»

ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ አይባልም፤ በግማሽ ጎኔ ተሰካሁ፤
ከወንበሩ ካፈነገጠ ሽቦ ጋራ ተዋወቅሁ።
በክርኗ ትገፋኛለች፤
እኔም በክርኔ እመልሳለሁ።

ነጂባ መድረክ ወጣች፤ ማጉያው አፏጨባት፤
ጊታሩ ቀደመ፣ ከበሮው ዘገየ፣ ቃሏን ጩኸት ዋጠባት።
ሙሴ ዘርጋው ከጥጉ፣ አኮርዲዮኑን እንደ ሕፃን አቅፎ፣
ድሮ የባቡር መካኒክ፣ ጥፍሩ ውስጥ ዘይቱ ዛሬም ተርፎ፣
ይጫወታል ይባል እንጂ የሰማው ሰው አልነበረም፤
እኔም፣ እውነት ለመናገር፣ ከክርን ጦርነት አልወጣሁም።

ከዚያ
መብራት ሄደ።

ጊታሩ መሃል ላይ ሞተ። ያቺ አንዷ ማራገቢያም፣
እንደፈራነው፣ ተንጠራርታ ተኛች።
ሕዝቡ አፏጨ፤ «አብዶሽ! ገንዘባችን!» የሚል ድምፅ ከኋላ፤
አንዲት ሕፃን ነቅታ፣ ጨለማውን ዓይታ፣ መልሳ ተኛች።

ያኔ ከጥጉ አንድ ትንፋሽ፣ መብራት ኃይል የማይቆርጠው፣
ደረት ላይ ታቅፎ ተነፍቶ፣ ደረት ላይ የሚያለቅሰው።
ነጂባም ያለ ማጉያ ባዶ ጉሮሮዋን ከፈተች፤
ዓምዱን ዞራ፣ እውነትም ዞራ፣ ጆሮዬ ውስጥ ገባች።

ፊት የተቀመጡት ሽማግሎች፣ የጡረታ ባቡረኞች፣
አልዘፈኑም፤ በጫማቸው ወለሉን መምታት ጀመሩ።
ወለሉ እንጨት ነው፤ ይባላል፣ ከሐዲድ ሥር የተነቀለ፤
ዱግ-ዱግ… ዱግ-ዱግ… ሲመቱት የጥንት ሥራው ትዝ አለው መሰለ።
አንድ ረድፍ፣ ሁለት ረድፍ፣ ከዚያ አዳራሹ ሞላ፣
በሦስት ቋንቋ ሲሳደብ የቆየውም ከኋላ።

ሽቅብ ሲሆን ከበዱ፤ ድልድይ ላይ ሲደርሱ ሳሱ፤
ጠመዝማዛው ጋ ዘመሙ፤ ቁልቁለቱን ገሰገሱ።
ባቡር ተሳፍሬ አላውቅም፤ ሐዲዱ ሲዝግ ነው የደረስኩት፤
እግሬ ግን ኩርባውን ሁሉ ከፊት ካሉት ጫማ ተማረው ያን ምሽት።
ፋጡሜ ትከሻዬን ያዘች፣ ወይ እኔ ነኝ የያዝኳት፤
ያ የክርን ነገርማ ጠፋብን በዚያች ሰዓት።

ከዚያ ፊት ያሉት ባንዴ ቆሙ። ሁላችንም ቆምን።
የት ጣቢያ እንደ ደረሱ
አልጠየቅናቸውም።

መብራት መጣ።
ማጉያው ጮኸ፤ ማራገቢያዋ ነቃች፤ አዳራሹ በአንድ አፍ፦
«ይጥፋ! አቦ ይጥፋ! ማን ጠራው?»
አብዶሽ በሩ ሥር፣ ጣቱን ማብሪያው ላይ እንዳሳረፈ፣
ያጥፋ አያጥፋ ግራ ገባው።

ያኔ ነው ዞር ያልኩት፤ ያኔ ነው ፋጡሜም ዞር ያለች።
መቼ እንደተነሣን እንጃ፤
ሃያ ሰባት ቁጥር፣ ሽቦዋን አሹላ፣
ባዶዋን ተቀምጣለች።